«አላውቅም» የማይል መሣሪያ፦ ያረጁ የሊኑክስ ጥቅል መጫኛዎች በምርምር ሥራ ላይ

በኮምፒዩተር የታገዘ ምርምር የሚያካሂድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሥራውን የሚጀምረው በትንተና ሳይሆን በመጫን ነው። የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ይጭናል፣ መተግበሪያውን ያስነሣል፣ ወደ ምርምር ጥያቄው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጭነቱ ሲከሽፍ ደግሞ በስህተት መልእክቱ ላይ ያገኘውን የመጨረሻ ቃል ይዞ መፍትሔ ፍለጋ ይወጣል። ኮምፓይለር ጎድሏል ከተባለ ኮምፓይለር ይጭናል፤ ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያስፈልጋል ከተባለ ራስትን ያወርዳል፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ከጠረጠረም ያንኑ ፋይል ደግሞ ያወርደዋል። በዚህ መካከል ቀናት ያልፋሉ፣ የተገዛው የኢንተርኔት ዳታ ያልቃል፣ ለአማካሪው የሚቀርበው ምዕራፍም ባለበት ይቆማል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። እንዲህ ያለው ክሽፈት ብዙ ጊዜ የመተግበሪያውም ጉድለት፣ የተማሪውም ስንፍና አይደለም፤ የጫኚው መሣሪያ ዕድሜ ውጤት ነው። ነገሩን የሚያከብደው ያረጀ መሣሪያ ማርጀቱን የማይናገር መሆኑ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣ አዲስ ነገር ሲገጥመው «ይህን አላውቅም» ማለት ሲገባው፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ሌላ ነገር ጎድሏል ይላል፣ አንዳንዱም «አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ የስህተት መልእክቱ የሚያሳየው መሣሪያው የቆመበትን ቦታ እንጂ የቆመበትን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው መልእክቱን ከማንበቡ በፊት የመሣሪያውን ስሪት ቢጠይቅ ይሻለዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፒፕና ያልተነበቡ መለያዎች

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማሳያ የፓይተን ጥቅሎች የሚጫኑበት ፒፕ ነው። አንድ ላይብረሪ ለፒፕ በሁለት መልክ ሊቀርብለት ይችላል። አንደኛው ምንጭ ኮዱ ነው፤ ይህ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ኮምፓይል መደረግ አለበት። ሁለተኛው «ዊል» ይባላል፤ በአዘጋጆቹ ዘንድ ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ፣ ወርዶ ቦታ ቦታውን ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የማይጠይቅ ጥቅል ነው። የሊኑክስ ስርጭቶች ብዙና ልዩ ልዩ በመሆናቸው፣ አንድ ዊል በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራ የሚናገር መለያ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል። የዚህ መለያ ቤተሰብ ስም «ሜኒሊኑክስ» ነው። የመጀመሪያው ሜኒሊኑክስ 1 በሴንትኦኤስ 5 ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሜኒሊኑክስ 2010 በሴንትኦኤስ 6፣ ሜኒሊኑክስ 2014 ደግሞ በሴንትኦኤስ 7 ላይ ተመሠረተ። መሠረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አዲስ መለያ ወጣ፤ አዲሱን መለያ ለማንበብም አዲስ ፒፕ አስፈለገ። ሜኒሊኑክስ 2010ን ማንበብ የቻለው ፒፕ 19.0 ነው፤ ሜኒሊኑክስ 2014ን ማንበብ የቻለው ደግሞ በ2019 መጨረሻ አካባቢ የወጣው 19.3 ነው።

በ2018 የወጣው ኡቡንቱ 18.04 ይዞት የመጣው ፒፕ 9.0.1 ነበር። ይህ ስሪት ከመለያዎቹ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሜኒሊኑክስ 2014 የሚል ዊል ሲቀርብለት «ይህን መለያ ማንበብ አልችልም» አይልም፤ ዊሉን እንዳልነበረ ቆጥሮ ያልፈዋል። ቀጥሎ ወደ ምንጭ ኮዱ ይዞራል፣ ያወርደዋል፣ ኮምፓይል ለማድረግ ይሞክራል። ማሽኑ ላይ ተገቢው ኮምፓይለር ከሌለ ሥራው መካከል ላይ ይሰበራል፤ ተማሪው የሚያየውም መጀመሪያው ከማያው ላይ ያለፈ የኮምፓይለር እሮሮ ነው። እርግጥ ፒፕ አዲስ ስሪት መውጣቱን የሚገልጽ አንድ መስመር መጨረሻ ላይ የሚያክልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያንኑ መስመር ጭነቱ ሲሳካም ስለሚጽፈው ሰው ማንበቡን ትቶታል፤ መስመሩም ቢሆን ለክሽፈቱ ምክንያቱ ይኸው ነው አይልም።

በፌብሩዋሪ 2021 የሆነው ይህን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ክሪፕቶግራፊ የተባለው እጅግ የተሰራጨ የፓይተን ላይብረሪ በ3.4 ስሪቱ በራስት የተጻፈ ክፍል አካተተ። አዲስ ፒፕና የተለመደ ማሽን ያለው ሰው ለውጡን ልብ እንኳ አላለውም፤ ዊሉ ወርዶ ተቀመጠ። አሮጌ ፒፕ ያለው ግን፣ ላይብረሪውን በስም የማያውቀውና በሌላ ጥቅል ተስቦ የመጣበት ሰው ሳይቀር፣ ራስት የለህም ተባለ። ቁጣው የወረደው በአዘጋጆቹ ላይ ነበር። ከተቆጡት መካከል ዊል ያልተዘጋጀላቸው ስርጭቶችና ማሽኖች ተጠቃሚዎችም ነበሩ፤ የእነርሱ አቤቱታ የራሱ ፍሬ ነገር አለውና እዚህ ከሌላው ጋር መደባለቅ የለበትም። የቀሩት ብዙዎች ግን የሚያስፈልጋቸው ራስት ሳይሆን አዲስ ፒፕ ነበር፤ የላይብረሪው አዘጋጆችም የሰጡት የመጀመሪያ ምክር ይኸው ነው። የኦፕንሲቪ የፓይተን ጥቅል አዘጋጆችም በመመሪያቸው ላይ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ፒፕ 19.3 መሆኑን መጻፍ ግድ ሆኖባቸዋል።

ይህ ጉዳይ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ ሩቅ አይደለም። ለአማርኛ ወይም ለትግርኛ ጽሑፍ የቋንቋ ሞዴል የሚያሠለጥን ተማሪ ጽሑፉን ለሞዴሉ እንዲመች አድርጎ የሚቆራርጥለት «ቶክናይዘርስ» የተባለው ላይብረሪ ያስፈልገዋል፤ ይህም በራስት የተጻፈ ነው። በአሮጌ ፒፕ ሲጫን የሚሰጠው መልስ በ2021 ሌሎች ከሰሙት አይለይም። ተማሪው ራስትን ቢጭን እንኳ ጉዞው በዚያ አያበቃም፤ ቀጣዩ መልእክት የራስቱ ስሪት አነሰ ይላል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ነገር። እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ይመስላል፤ አቅጣጫው ግን ከመነሻው የተሳተ ነው።

ምልክቱ ግን ለሚያውቀው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፒፕ የሚያወርደውን ፋይል ስም ይጽፋል። የስሙ መጨረሻ ዊል መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ መሣሪያው መለያውን አንብቧል ማለት ነው። የታመቀ የምንጭ ኮድ ማኅደር ከሆነ ግን፣ በተለይ ላይብረሪው ታዋቂና ዊል እንደሚዘጋጅለት የታወቀ ከሆነ፣ ከዚያ መስመር በታች የተጻፈውን ሁሉ ከማንበብ በፊት እዚያው ቆሞ የፒፑን ስሪት መጠየቅ ይገባል። ፒፕ ከምንጭ ኮድ እንዳይጭን የሚከለክል አማራጭም አለው፤ በእርሱ ሲታዘዝ ያ ሁሉ እሮሮ ይቀርና የሚስማማ ጥቅል አላገኘሁም የሚል አጭር መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ ሙሉ ባይሆንም ከቀደመው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው፤ የሚያባክነው ዳታም የለም።

መፍትሔው ፒፕን ማደስ ነው ሲባል ቀላል ይመስላል። ግን ማደሱን የሚያከናውነው ራሱ ያረጀው ፒፕ ነው። ኡቡንቱ 16.04 የያዘው ፒፕ 8.1.1፣ ፓይተኑም 3.5 ነበር። አንድ ጥቅል የትኛውን የፓይተን ስሪት እንደሚፈልግ የሚናገረውን መግለጫ ማክበር የጀመረው ግን ፒፕ 9.0 ነው። በጃንዋሪ 2021 ፓይተን 3.5ን የማይደግፈው ፒፕ 21.0 ሲወጣ፣ 8.1.1 «ራስህን አድስ» የሚል ትእዛዝ ተቀብሎ በማሽኑ ላይ ሊሠራ የማይችለውን ስሪት አወረደና ራሱን ተካበት። ከዚያ በኋላ ፒፕ ጨርሶ አልነሣም አለ። አዲሱ ጥቅል ማስጠንቀቂያውን ይዞ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ግን የሚመለከተው መሣሪያ ሊያነበው በማይችለው ቦታ ነው። መዳኛው 20.3.4ን በስም ጠርቶ መጫን ነበር።

የተቆለፈው ሳጥን

ተመሳሳዩ ነገር በዴቢያንና በኡቡንቱ ጥቅሎች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የዴቢያን ጥቅል በውስጡ ሁለት የታመቁ ማኅደሮችን የያዘ ፋይል ነው። አንዱ ስለ ጥቅሉ ማንነት፣ ስለሚፈልጋቸው ሌሎች ጥቅሎችና ስለሚፈልገው የመጫኛ ስሪት የሚናገረው መግለጫ ነው፤ ሌላው በዲስክ ላይ የሚቀመጡት ፋይሎች ናቸው። በኦክቶበር 2021 የወጣው ኡቡንቱ 21.10 የጥቅሎቹን ማመቂያ ከኤክስዜድ ወደ ዚስታንዳርድ ለወጠ። ለውጡ በራሱ ምክንያት ነበረው፤ ዚስታንዳርድ ፋይልን ፈትቶ ለመዘርጋት እጅግ ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ የዴቢያን ዲፒኬጂ ይህን ስልት መፍታት የቻለው ከ1.21.18 ጀምሮ ነው፤ ለተጠቃሚው የደረሰውም በጁን 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጋር ነው። ጥያቄው ለዴቢያን የቀረበው ግን በ2018 ነበር።

በዚህ መካከል አንድ የሶፍትዌር አዘጋጅ ጥቅሉን በአዲስ ኡቡንቱ ላይ ቢያዘጋጅ፣ በዴቢያን 11 ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሊጭነው አይችልም። ዲፒኬጂ የማያውቀው የማመቂያ ስልት እንደገጠመው ገልጾ ይቆማል። ለፍትሕ ሲባል ይህ መልእክት ከፒፕ ዝምታ እጅግ የተሻለ ነው፤ የማያውቀውን ነገር በስም ይጠራል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ቀደም ሲል ኤክስዜድ አዲስ በነበረበት ዘመን የዴቢያን አዘጋጆች በጥቅሉ መግለጫ ላይ «ከ1.15.6 ያላነሰ ዲፒኬጂ በቅድሚያ ይኑር» ብለው ይጽፉ ነበር። በኡቡንቱ 21.10 ግን ፋይሎቹ ብቻ ሳይሆኑ መግለጫው ራሱ በዚስታንዳርድ ታመቀ። ስለዚህ አሮጌው መሣሪያ ሊያነበው የሚገባው ማሳሰቢያ አሮጌው መሣሪያ ሊከፍተው በማይችለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ተመራማሪው የሚያየው የማያውቀውን የማመቂያ ስም ነው፤ ምን ዓይነት ዲፒኬጂ ቢኖረው እንደሚከፈትለት የሚነግረው የለም። ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቷል ብሎ ዳግመኛ ቢያወርደው ማን ይፈርድበታል?

የአርፒኤም ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ልዩነቱም የሚያስተምር ነው። ፌዶራ በ2019 በወጣው 31ኛ ስሪቱ ጥቅሎቹን በዚስታንዳርድ ማመቅ ጀምሯል። ያን ጥቅል አርፒኤም 4.11 ባለው ሴንትኦኤስ 7 ላይ ለመጫን የሚሞክር ሰውም ይከሽፍበታል። ነገር ግን የአርፒኤም ጥቅል ራስጌ አይታመቅም፤ ጥቅሉም ከመሣሪያው የሚፈልገውን ችሎታ በዚያ ራስጌ ላይ እንደ ማንኛውም ጥገኝነት ያሰፍራል። ስለዚህ አሮጌው አርፒኤም ሳጥኑን ሳይከፍት ከላዩ ያነብና «ይህ ጥቅል በዚስታንዳርድ የታመቀን ይዘት መክፈት የሚችል አርፒኤም ይፈልጋል» የሚል ትርጉም ያለው መልስ ይሰጣል። መልእክቱ ለጀማሪ ጥቂት ግራ የሚያጋባ አጻጻፍ አለው፤ እውነቱን ግን ይናገራል። ክሽፈቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱ ተማሪ በአምስት ደቂቃ፣ ሌላው ከብዙ ድካም በኋላ የሚረዳበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

ኮንቴይነር ያድናል?

ለእነዚህ ችግሮች ሁሉ አንድ መልስ ሲሰጥ ይሰማል፦ ሁሉንም በኮንቴይነር ውስጥ ማስኬድ። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ኮንቴይነር የመተግበሪያውን አካባቢ ከማሽኑ ይለያል። የኮንቴይነሩ አስነሺ ግን እርሱም መሣሪያ ነው፤ እርሱም ያረጃል። በኦገስት 2021 የወጣው ጂሊብሲ 2.34 የተባለው መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ አዲስ ትሬድ ለመፍጠር «ክሎን3» የተሰኘውን የከርነል ጥሪ መጠቀም ጀመረ። ጥሪው በከርነሉ ዘንድ ከሌለ ወደ ቀድሞው ዘዴ እንዲመለስ ተደርጎ ተጽፏል። ከ20.10.10 በፊት የነበረው ዶከር ግን በጥበቃ ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ጥሪ ሲመጣበት «የለም» በማለት ፈንታ «አልተፈቀደም» የሚል ኮድ ይመልስ ነበር። ጂሊብሲም የተባለውን አመነ፤ መከልከል ማለት አለመኖር አይደለምና ወደ ቀድሞው ዘዴ አልተመለሰም። በዚህ ምክንያት በአሮጌ ዶከር ላይ የተነሣ የኡቡንቱ 22.04 ኮንቴይነር ውስጥ ጥቅል ለመጫን የሚሞክር ሰው፣ ራሱ የኮንቴይነሩ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሆኖ ሳለ ፈቃድ እንደሌለው ይነገረው ነበር።

የዚህ ስህተት ዋጋ ከጊዜ ብክነት ያልፋል። «አልተፈቀደም» የተባለ ሰው የሚያደርገው ፈቃድ መጨመር ነው። የዶከርን የጥበቃ ገደብ ሁሉ አንሥቶ ኮንቴይነሩን ቢያስነሣ ችግሩ በእርግጥ ይጠፋል፤ ብዙ ተማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ ያ ልማድ ከቀረ ግን ጥበቃው ለማንም አልኖረም ማለት ነው። ያስፈለገው ዶከርን ማደስ ብቻ ነበር።

ያረጀው ወገን ሁልጊዜ የተጠቃሚው ማሽን እንዳልሆነም መጥቀስ ያስፈልጋል። አፕኢሜጅ በሚባለው መልክ የተሰራጩ ብዙ መተግበሪያዎች ኡቡንቱ 22.04 ላይ አልነሣም ያሉት፣ ሲዘጋጁ የተደገፉበት ሁለተኛው የፊውዝ ላይብረሪ በአዲሱ ስርጭት ላይ አብሮ ስለማይመጣ ነው። እዚህ ማሽኑ አዲስ፣ ጥቅሉ አሮጌ ነው። የጎደለውን ላይብረሪ ብቻ መጫን ይበቃል፤ ከስሙ መመሳሰል የተነሣ ፊውዝ የተባለውን ሙሉ ጥቅል የሚጭን ሰው ግን ሌሎች አስፈላጊ ጥቅሎችን ሊያስወግድበት እንደሚችል የአፕኢሜጅ አዘጋጆች አስጠንቅቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የሚቀርብ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ሶፍትዌር ሳያድሱ የሚያቆዩት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት የተገኘ ውጤት ዘንድሮም እንዲደገም አካባቢው ባለበት መቆየት አለበት፤ የአንዱን ተማሪ ጭነት ለማስተካከል ሲባል የሌላውን ሥራ ማፍረስ ተገቢ አይደለም። ይህ ስጋት ልክ ነው፤ የፒፕ 21.0 ታሪክም ያጸናዋል። ነገር ግን ክርክሩ መሣሪያውንና ሥርዓቱን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራል። ፒፕን ለማደስ ኡቡንቱን ማደስ አያስፈልግም፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድም አያስፈልግም፤ ተማሪው በራሱ ማውጫ ውስጥ ምናባዊ የፓይተን አካባቢ ፈጥሮ በዚያ ውስጥ ብቻ አዲስ ፒፕ ሊጭን ይችላል፣ የሰርቨሩ ፒፕም ሳይነካ ይቀራል። ለኡቡንቱ 18.04 ፓይተን 3.6 የሚስማማው የመጨረሻው ፒፕ 21.3.1 ነው፤ እርሱም ሜኒሊኑክስ 2014ን ያነባል። የዴቢያን ጥቅልም ቢሆን ተፈትቶ በኤክስዜድ እንደገና ሊታመቅ ይችላል፤ አዘጋጁ ቢፈልግ ከመነሻው በኤክስዜድ እንዲያምቀው ዲፒኬጂን ማዘዝ ብቻ ይበቃው ነበር።

በትምህርት ክፍሎች ዘንድ የሚታየው ግድፈት ከዚህ ይለያል፤ የመዝገብ ጉዳይ ነው። በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያለ ሚዛን መቼ ልኬቱ እንደተረጋገጠ ይጻፋል። በጋራ ሰርቨር ላይ ያለ መጫኛ ግን ስሪቱም ዕድሜውም የትም አይሰፍርም። የመመረቂያ ጽሑፎች የአሠራር ዘዴ ምዕራፍም ፓይተን 3.6 ወይም 3.8 ይላል፣ የላይብረሪዎቹን ስም ይዘረዝራል፣ የተጫኑበትን መሣሪያ ግን አይጠቅስም። ይህ ቸል ሊባል የሚገባ ዝርዝር አይደለም። አንድ ዓይነት የላይብረሪ ስም የተሰጠው አሮጌ ፒፕና አዲስ ፒፕ የተለያየ ነገር ሊጭኑ ይችላሉ፤ አንዱ የተዘጋጀውን ዊል፣ ሌላው በማሽኑ ኮምፓይለር የተሠራውን። ከ20.3 ጀምሮ ደግሞ ፒፕ የጥቅሎችን ጥገኝነት የሚፈታበት ስልት ራሱ ተለውጧል። ፈታኙ ውጤቱን ለመድገም ቢሞክርና ባይሳካለት፣ ልዩነቱ የመጣው ከሐሳቡ ይሁን ከመጫኛው መለየት አይችልም። የሚጨመረው አንድ መስመር ነው፤ የስርጭቱ ስምና ስሪት፣ የጂሊብሲ ስሪት፣ የመጫኛው ስሪት።

የፒፕ አዘጋጆች በበኩላቸው ከመለያዎቹ ችግር አንድ ነገር አስተካክለዋል። ሜኒሊኑክስ 2014ን የተከተለው አሰያየም በዓመት አይጠራም፤ መለያው የሚያስፈልገውን የጂሊብሲ ስሪት በቁጥር ይዟል። ስለዚህ መሣሪያው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው መለያ ቢመጣ እንኳ ቁጥሩን ከማሽኑ ጂሊብሲ ጋር አነጻጽሮ መወሰን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ አዲስ መሠረት አዲስ ፒፕ መጠበቅ ቀርቷል። ይህን አሰያየም የሚያነበው በኖቬምበር 2020 የወጣው ፒፕ 20.3ና ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ከዚያ በፊት በአፕሪል 2020 የወጣው ኡቡንቱ 20.04 ይዞት የመጣው ፒፕ 20.0.2 ነው።